ከዴስኩ ሥር ያለው ምልክት

ቸኩሎ የሚገባና ቸኩሎ የሚወጣ በር ላይ መጋጨታቸው አይቀርም። አናጢው ጋሼ ቱንቢ መላጊያቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ሥዕል ክፍል ሲገቡ፣ ጥቅል ወረቀት ታቅፋ ከምትወጣው ወጣት መምህርት ጋር ተላተሙ። የግንበኛ ማቅኛ የሆነውን የቱንቢን ስም ያተረፉት የተንጋደደ ነገር ካዩ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ነው።

«ይቅርታ ጋሼ! ጎዳሁዎት?»

«ምንም አልሆንኩ ልጄ። እነዚህን ዴስኮች ለመላግ መጥቼ ነው። ነገ እንግዳ ስላለ ርዕሰ መምህሩ ዛሬውኑ ጨርስ ብለውኛል።»

መምህርቷ ክው አለች። «እባክዎ አይላጓቸው! የተማሪዎቼ ትምህርት እዚያ ላይ ነው ያለው።»

ጋሼ ቱንቢ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ልጆቹ በዴስኩ ላይ ወረቀት አንጥፈው በእርሳስ ሲያሹት፣ በሠላሳ ዓመት የተጫረው ሁሉ፣ ስሙም፣ የልብ ሥዕሉም፣ የማባዣ ሰንጠረዡም ወረቀቱ ላይ ወጥቷል። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በዚሁ ተሸፍኗል።

«በኛ ጊዜ መምህሩ ማሰሮ አስቀምጠው ሣሉ ይሉን ነበር» አሉ። «ያስመሰለ ይመሰገናል፤ ያላስመሰለ ማስመሪያ ይቀምሳል። ይኼ ግን ጭረት ነው። ጭረት ደግሞ ብልግና ነው!»

«ማሰሮውንም እናስላለን ጋሼ፤ እጅ መሠልጠን አለበት። ግን ማሰሮውን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ነበር?»

«ሣሉ ተባልን እንጂ ጠይቁ መቼ ተባልን?»

«የዛሬ ሠዓሊ ማሳመር ብቻ ሳይሆን መጠየቅም ሥራው ነው። ልጆቼም ይኼን እያዩ፣ ማን ጫረው? ለምን? የማን ስም ይታያል? የማንስ ተደበቀ? ይላሉ።»

«መጠየቅ የለመደ ልጅ ነገ ሽማግሌ ፊት አፉን ይከፍታል!»

«በአክብሮት ከጠየቀ ምን ይጎዳል? ሳይገባው እሺ ከሚል፣ ገብቶት እምቢ የሚል አይሻልም?»

አነጋገሯ ማር ነው፤ ሽማግሌው ግን በማር የሚረቱ አልነበሩም። ዴስኮቹን በወጣትነታቸው የሠሩት ራሳቸው ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ጭረት አንጀታቸውን ያሳርራቸው ነበር። መላጊያውን አነሡ።

ይኼኔ አንዲት ተማሪ አፍንጫዋ በእርሳስ ጠቁሮ ከዴስክ ሥር ብቅ አለች። «መምህርት! ከሥሩም አለ! ሦስት ሰረዝና አንድ አግድም፣ በሁሉም ዴስክ ላይ! ፊት ለፊት ያለው ቆርቆሮ የእንጨት ሥራ ድርጅቱን ባለቤት ስም ነው የሚያሳየው። ይኼስ የማን ነው?»

የጋሼ ቱንቢ ፊት ፍም መሰለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ!

«የኔ ነው» አሉ፣ መላጊያውን አስቀምጠው። «የሠራኋቸው እኔ ነኝ። አሠሪዬ ስምህን እንዳትጽፍ ስላለኝ፣ ተደብቄ በመሮ ጫርኩት። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እርስዎም ዴስክ ጭረዋል ማለት ነው!» አለች ልጅቷ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ቱንቢም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

«ረታሽኝ መምህርት። ልጅ ሲጠይቅ የተረሳ ሰው ይገኛል ለካ! ለርዕሰ መምህሩ እኔው እነግራቸዋለሁ። ልብስ የሚቀደውን ስንጥር ብቻ አለሰልስና ላዩን ቫርኒሽ እቀባዋለሁ። እንግዶቹም ያንብቡት።»

ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አንገራግረው እሺ አሉ። ጥቅሙም ውሎ አድሮ ታየ፤ የተማሪዎቹ እጅ እንደ ዓይናቸው፣ ዓይናቸውም እንደ ልባቸው ተፍታታ። ዴስክ መጫርም ቀረ። ሠሪውን የሚያውቁትን ዕቃ ማን ያበላሻል?

ያን ዕለት ግን ልጅቷ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ከምልክቱ ሥር ስማቸውን እንዲጽፉላት እርሳስ ሰጠቻቸው። ጎንበስ ብለው ጻፉ፤ ጽሑፉ ግን ሽቅብ ሄደ።

«ጋሼ፣ ተንጋደደ እኮ! ላጥፋው?»

«ተይው» አሉ ጋሼ ቱንቢ፤ «ይነበባል።»