ለሐይቁ ጀርባውን የሰጠው ቤት

እኛ ጎልማሶች በነበርንበት ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዕረፍት ማለት ትምህርት ሲዘጋ ዘመድ ቤት ሄዶ የዘመድን ድንች መኮትኮት ነበር። ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቶ ውሃ እያዩ መቀመጥ የሚባል ነገር ማን ያውቃል? ታዲያ እኔ እዚሁ አሰላ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ባለቤቴ ዘነበች ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት ነበርና ሐኪሙ “እማማ፣ ይህ ብርድ አይሆንዎትም፣ ወደ ቆላ ወረድ ይበሉ” አላት። እሷም “ሐይቅ ዳር ከሆነ እወርዳለሁ፤ እግሬን ነክሬ ልቀመጥ እንጂ ሌላ አልፈልግም” አለች። ሌላ አልፈለገችም፣ ስሙኝ፣ ይህንን ብቻ።

እና በኦጎልቾ በኩል ወርደን ዝዋይ ሐይቅ ዳር በጋ በጋውን የምንከርምበት ቤት ሠራን። የሠራሁት ግን እንደ አሰላ ቤት ነው! ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ መስኮቱ ድመት የማያሾልክ፣ ነፋሱ ከሐይቁ ነው የሚመጣው ብዬ ደግሞ በሩን ወደ ኋላ አዞርኩት። ደገኛ ነኛ! ለነፋስ ጀርባ መስጠት ነው የማውቀው። ዘነበች ገብታ ዙሪያውን አየችና፣

“አንተ ሰው፣ ከሐይቁ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?” አለች።

“ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ ነው።”

“የምን ብርድ? እንደ ዳቦ ልትጋግረኝ ነው?”

ያም ሆኖ ውሃው ቅርብ ነበር፤ እኔን ተደግፋ ትወጣና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ትነክራለች፣ ፊቷም ይፈታል። ታዲያ በዓመቱ ስንመለስ ውሃው ፈቀቅ ብሏል። በቀጣዩም ፈቀቅ። እኔ መምህሩ “ይመለሳል፣ ሐይቅ እንዲህ ነው” እላለሁ፣ የመስኖው ፓምፕ ደግሞ ውሃውን በየአቅጣጫው ይጎትተዋል። ደስ ይበላት ብዬ ግድግዳውን አስፈርሼ በሐይቁ በኩል ትልቅ መስኮት አስወጣሁ። እና መስኮቱን ስንከፍት ምን ይታያል? የሰው ሽንኩርት!

ዘንድሮ እግሯ ጭራሽ እምቢ አለ። ገመዳ የሚባል ባለጋሪ ጠርቼ ደግፈን አሳፈርናት፤ ሽንኩርቱን አልፈን፣ የደረቀውን አልፈን፣ ጭቃው ጋ ስንደርስ ጎማው ሰመጠ።

“ኦቦ፣ ከዚህ ወዲያ ፈረሴ አይሄድም” አለ ገመዳ። “ግን ውሃው ያውና፣ ይታያል።”

“ማየትማ ይሄ ሰውዬ ካርታ ላይም አሳይቶኛል” አለችው ዘነበች።

“ነይ ልዘልሽ” አልኳት።

“አንተንስ ማን ያዝልሃል?”

ሳቅን፣ ሦስታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሷ መሳቋን አቆመችና “መልሱኝ” አለች። ቤት ስንደርስ እኔ ሞኙ ገመዳን በጄሪካን ከሐይቁ ውሃ አስመጣሁና በባልዲ አድርጌ እግሯን አስነከርኳት። ባልዲውን አየችው።

“ይሄማ አሰላም አለ” አለች።

በማግስቱ ወደ ብርዱ ተመለስን። ይኸው አሁን ጓዳ ብርድ ልብስ ደርባ ተኝታለች፤ ስለ ሐይቁ እሷ ራሷ አንስታ አታውቅም።

“አይዞዎት ጋሼ፣ ክረምት ሲገባ ይሞላል” ትለኛለህ አንተ ደግሞ።

እኔም ያንኑ ነበር ያልኳት። “ሲሞላ አንተ ሂድና ንገረኝ” ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሂ ሂ... እስቲ በሩን ገፋ አድርጉት፣ ብርዱ ይገባባታል።