የወዴሳ ጣቢያና የኦቦ ኢቲቻ ምርቃት

ኦቦ ኢቲቻ በዚያ ማለዳ ወዴሳ ጣቢያ ላይ ሁለት ጀሪካን ወተት አስቀምጠው ባቡር ሲጠብቁ፣ የመጣው የሚጠብቁት ባቡር አልነበረም። ከሰበታ ተነስቶ አየር ማረፊያ ድረስ የሚከንፈው አዲሱ ፈጣን ባቡር ነበር። መስኮቱ ሁሉ የተዘጋ፣ ወንበሩ ግማሽ ባዶ፤ የሽማግሌውን ጋቢ ገልቦ፣ አቧራውን ፊታቸው ላይ በትኖ አለፈ። በየትንሹ ጣቢያ እየቆመ ወተቱንም ተማሪውንም የቀን ሠራተኛውንም ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው የሠራተኛ ባቡር፣ ለዚህ ጌታ መንገድ ለመልቀቅ ሰበታ ላይ ተገትሮ ቀርቷል። ፀሐይዋም ከፍ እያለች ነው።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ኢቲቻ" የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ። ዞር ቢሉ ኑሃ ናት፤ ከጣቢያው ማዶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው የአብዱረዛቅ ልጅ። አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች።

በደኅና ማደራቸውን ነገሯት። ወተቱ ግን በደኅና እንደማይውል ለመናገር አልቸኮሉም፤ ጀሪካኖቹን ከፀሐይ ወደ ግድግዳው ጥላ ሲያሸሹ ኑሃ ራሷ አየች። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው የማስተር ፕላኑ ነገር ከተነሳ ወዲህ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት በማግስቱ የተቆጡ ጎረምሶች በድንጋይ ይዘጉታል፤ ሚኒባስ የሚባል ነገር ተስፋ የማይጣልበት ሆኗል። የቀራቸው ባቡሩ ነበር። ባቡሩ እየዘገየ ወተቱ ሲኮመጥጥባቸው፣ ከተማ ያለው ደንበኛቸው ሌላ ወተት አምጪ እንደሚፈልግ ነግሯቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ደግሞ ላሞቹን እንሽጥ ማለት ጀምረዋል። ላሞቹ ከተሸጡ ኦቦ ኢቲቻ ምን ሆነው እንደሚነሱ፣ ምን ሆነው እንደሚተኙ አያውቁም።

ኑሃ ከዚህ የባሰ ወሬ ይዛ ነበር የመጣችው። የባቡር መሥሪያ ቤት ሰዎች በማግስቱ ወዴሳ አዳራሽ ይመጣሉ። የሠራተኛው ባቡር ሰበታ ቆሞ ያባከነውን ጊዜ እንዲያካክስ፣ ጠዋት ጠዋት ወዴሳን ሳይቆም እንዲያልፍ አስበዋል። መምጣት አለብዎት አለቻቸው።

ኦቦ ኢቲቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሄጄስ? ተናግሬ እንደ ዱባለ ልጅ ልሁን? ስለ መሬት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ ፀረ ልማት ተባለ፣ ይኸው እናቱ እስር ቤት ስንቅ ታመላልሳለች። ሄጄ ዝም ብል ደግሞ ጎረምሶቹ ከሃዲ ይሉኛል። ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል።"

"ቤትዎ ሲቀመጡ ባቡሩም ደጅዎን አልፎ ይሄዳል።"

"ባለፈውም ሄጃለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ምን አተረፍኩ?"

"አንቱማ ምንም አላተረፉም። እነሱ ግን ምርቃትዎን አተረፉ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ነገሩ እንዲህ ነበር። ፈጣኑ ባቡር ከመጀመሩ በፊት ሰዎቹ መጥተው የባቡሩን ሥዕል አሳይተው ሲያበቁ፣ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ ኦቦ ኢቲቻ ዞረ። ኦቦ ኢቲቻም የሠራተኛው ባቡር ዕጣ እየከነከናቸው ተነሱ። ግን እንግዳ እንግዳ ነው፤ በአባቶች ወግ ሳይመረቅ አይሸኝም። እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፣ አዳራሹም አሜን አለ። በማግስቱ ሬዲዮኑ የወዴሳ ሕዝብ ለአዲሱ ባቡር ሙሉ ድጋፉን ገለጸ ብሎ አወራ።

"እኔ ሰዎቹን ነው የመረቅሁት" አሉ ኦቦ ኢቲቻ ድምፃቸው እየሻከረ። "በሰላም ግቡ፣ ልጆቻችሁን አሳድጉ አልኩ። ባቡሩን አልመረቅሁም።"

"አንቱ ያሉትን እኔ አውቃለሁ። እነሱ የቆጠሩት አሜኑን ነው።"

"አባትሽ ሱቁ የገባውን ሰው ሳይመርቅ ይሸኛል?"

"አባቴ ሒሳቡን ሳይቀበል ማንንም አይመርቅም።"

ኦቦ ኢቲቻ ሳይወዱ ሳቁ። ኑሃ ግን አልሳቀችም።

እዚህ ላይ ስለ ጨዋነታችን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። መብታችንን የሚወስድብንን ሰው ቆመን እንሸኛለን፣ እንመርቃለን፤ ከዚያ ቤታችን ገብተን እናማለን። ባለሥልጣኑም ይህን ጠባያችንን ጠንቅቆ ያውቃል። ጥያቄ አላችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቀው እንደማንጠይቅ እርግጠኛ ስለሆነ ነው። የጠየቀውን አንድ ልጅ ያስራል፣ የመረቀውን ሺህ ሰው ደጋፊ ብሎ ይጽፋል። ይህ ነውር ነው። ነውሩን ግን እኛም በገዛ አሜናችን አግዘነዋል።

"እሺ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ?" አሉ ሽማግሌው። "ፈጣኑን ባቡር አቁሙ ልበል?"

"ፈጣኑ ይሂድ፣ ማንም አልጠላውም። የሠራተኛው ባቡር ግን ከእሱ በፊት ከሰበታ ይነሳ። በቃ።"

"ከኋላ መጥቶ ቢደርስበትስ?"

ኑሃ በጣቷ አቧራው ላይ አንድ መስመር አሰመረች። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ የኋለኛው የፊተኛውን ቀድሞ ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ዘገምተኛው በማለዳ ቀድሞ ወጥቶ ከተማ ሲገባ፣ ፈጣኑ ባዶ መንገድ ያገኛል ብላ አስረዳቻቸው። "አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ጥቂት ቆይቶ ቢነሳ አውሮፕላኑ አያመልጠውም። እኔ ስዘገይ ግን ክፍል ሙሉ ልጅ ያለ አስተማሪ ይቀመጣል። የአንቱም ወተት ይኮመጥጣል።"

ኦቦ ኢቲቻ በልባቸው ያለውን አወጡት፤ እስር ቤቱን እንደሚፈሩ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ዱላ እንደማይችሉ ነገሯት።

"እኔም እፈራለሁ" አለች ኑሃ። "የጎረምሶቹ ቁጣ ከመሬታቸው የመጣ እውነተኛ ቁጣ ነው፤ እኔም ውስጥ አለ። ግን መንገዱ ላይ ያለው ድንጋይ እስካሁን ያስቆመው የኛኑ ወተትና የኛኑ በሽተኛ ነው። የዱባለን ልጅ የጎዳው መጠየቁ አይደለም፤ ብቻውን መጠየቁ ነው። እኛ አብረን እንነሳለን፤ ሁላችንም ያንኑ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። ስድብ የለም፣ ድንጋይ የለም። አንቱ ግን መጀመሪያ ካልተነሱ ማንም አይነሳም።"

በዚህ መሃል የሠራተኛው ባቡር መጣ፤ ሽማግሌው ጀሪካኖቹን አንስተው ተሳፈሩ። ወተቱ ያን ቀን ኮመጠጠ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ሰብሳቢው እንደተለመደው ፈገግ ብሎ አባታችን በምርቃት ይክፈቱልን አለ። ኦቦ ኢቲቻ ተነሱ። እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

"ዛሬ ምርቃት የለኝም" አሉ። "ጥያቄ ነው ያለኝ። የሠራተኛው ባቡር ለምን ከፈጣኑ በፊት አይነሳም?"

ሰብሳቢው ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። ጥያቄ በመጨረሻ ነው፣ ይቀመጡ አላቸው። አልተቀመጡም። ከኋላቸው ወይዘሮ ተረፈች ተነስተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። አብዱረዛቅ ተነሳ። የዱባለ ሚስት ስንቅ ያመላለሱበትን ሰሃን እንደያዙ ተነሱ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ፣ ከጀርባችሁ ማን አለ ብሎ ጮኸ። ማንም አልጮኸበትም፤ ማንም አልተቀመጠም። በመጨረሻ ከሰዎቹ መካከል የባቡር መርሐ ግብር የሚያወጣው መሐንዲስ፣ ሐሳቡ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ቀስ ብሎ ተናገረ። ያን ቀን ስብሰባው ያለ አሜን ተበተነ።

ከሳምንታት በኋላ ኦቦ ኢቲቻ ቡራዩ ሠርግ ሄደው ኦቦ ኩምሳ ከሚባሉ ሽማግሌ ጎን ተቀመጡ። ኦቦ ኩምሳ፣ ስለ ውሃ መስመር የሚያነጋግሩ ሰዎች ሊመጡባቸው መሆኑን፣ እሳቸውም መራቂ ሆነው መመረጣቸውን በኩራት አወሩ።

"አትመርቃቸው" አሏቸው ኦቦ ኢቲቻ።

ኦቦ ኩምሳ ደነገጡ። ኦቦ ኢቲቻም ወንበራቸውን አስጠግተው አንድ በአንድ ነገሯቸው። የሠራተኛው ባቡር ዛሬ ቀድሞ ይነሳል፣ ወዴሳም ይቆማል። ወተቱ ሳይኮመጥጥ ይደርሳል፤ ላሞቹ በረት ውስጥ ናቸው። የአብዱረዛቅ ልጅ ከተማሪዎቿ ቀድማ ክፍሏ ትገባለች። ነፍሰ ጡር ሴት በባቡሩ ሐኪም ቤት ትደርሳለች እንጂ መንገድ ተዘጋ ብላ አትጨነቅም። አየር ማረፊያ ሂያጁም እንደ ልቡ ይከንፋል፤ ማንም ምንም አልጎደለበትም። የዱባለ ልጅ ግን ገና አልተፈታም፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለ እሱ ነው።

"መጀመሪያ ጎረቤቶችህን ሰብስብ፣ አንድ ጥያቄ ምረጡ፣ አብራችሁ ተነሱ" አሉ።

"ሰዎቹ ቢቆጡስ?" አሉ ኦቦ ኩምሳ።

"ይቆጡ። የኛዎቹም ተቆጥተው ነበር። ባቡሩ ግን ወዴሳ ላይ ቆመልን።"