ዶክተሩ የማያውቀው ወተት

ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ የሚሄደው አውቶቡስ ኬላ ላይ ቆሟል። የቀበሌ የይለፍ ወረቀታችን እስኪታይ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ላሉ ሽማግሌ ያወራሉ። ልጃቸው መስኮቱ ጋ ነው።

«አእምሮውን አመመውና ስናናግረው አልመልስ ሲል ሆስፒታል ወሰድኩት። ራሱ ላይ የማሽን ሽቦ ለጣጠፉበት።»

«ለምን?»

«ዶክተሩ ወሬ ይጀምርና መጨረሻው ላይ የማይሆን ቃል ያስገባል። ጭንቅላቱ ደንገጥ ካለ የመዳን ተስፋ አለው አለኝ።»

«ታዲያ ደነገጠ?»

«‹እንግዳው የግመል ወተት ጠጣ› አለው። ልጄ ምንም። ዶክተሩን ከፋው።»

«እኛ ባቲ ሁልጊዜ የምንጠጣውን?»

«እሱን ነገርኩት። ‹እንግዳው ወንበር ጠጣ› ሲለው ግን ማሽኑ ወረቀቱን ሞነጫጨረው!»

«አልሐምዱሊላህ! አብሽሪ፣ ልጄ።»

ልጁ ከመስኮቱ ዘወር አለ። «እማ፣ ወንበሩን በስኳር ነው የጠጣው?»

እናቱ እየሳቁ ግንባሩን ሳሙት።

እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር በእጄ ዳሰስ አደረግሁት።