ብቻዋን የቀረችው ኩላሊት

የውሃ ፓምፕ ጠጋኙ የእህቱን ልጅ ክሊኒኩ በር ላይ ድንገት ባያገኛት ኖሮ፣ የምርመራ ውጤቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ዳግመኛም ወደዚያ በር ዝር አይልም ነበር። ልጅቱ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከዓመታት በፊት እናቷን ከሞት አፍ ያወጣት ይህ ሰው የለገሳት ኩላሊት ስለሆነ፣ ፊቱ ጠቁሮ አይታው ዝም ብላ ልታልፈው አልቻለችም።

«አጎቴ፣ ደህና አይመስሉም። ሐኪሙ ምን አሉዎት?»

«ሐኪሙን አላየሁም። ወረቀቱን ሰጥተው ተራህን ጠብቅ አሉኝ፤ ጠብቄ ጠብቄ ወጣሁ። የሚለኝን አውቀዋለሁ። ሱቄን እዘጋለሁ፣ አርፌ እቀመጣለሁ። እናትሽ ግን እንዳትሰማ፤ በእኔ የተነሳ ነው ብላ ትብከነከናለች።»

ልጅቱ ወረቀቱን ተቀበለችው። ክሬቲኒን ከሚለው ቃል ጎን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት አለች፤ ከሥሯ የማጣሪያ አቅም ሃምሳ ስምንት ይላል።

«እስቲ አስረጂኝ» አለ። «ላይኛው ሲወጣ ክፉ ነው ይላሉ፤ ታችኛው ደግሞ ሲወርድ ክፉ ነው። እሺ ይሁን። ግን እኔ የቀረኝ አንድ ነው። የመቶ ግማሽ ሃምሳ ነው፤ ስምንቱ ከየት መጣ? አምና እኮ ስልሳ አራት ነበር። ታዲያ አውጥተው ለእናትሽ የሰጧት ምኑን ነው?»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች፤ እሱ ግን የምሩን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲደምር ሲቀንስ ጭንቅላቱ ዞሮበታል።

«የትምህርት ቤት ማርክ አይደለም፣ አጎቴ። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ከደም ያጣራዋል። ታችኛው ቁጥር ደግሞ ከእሱ፣ ከዕድሜዎና ከጾታዎ ተሰልቶ የሚገመት ነው። የቀረችው ኩላሊት ጓደኛዋ ስትሄድ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ወፈር ብላ ከድሮው ድርሻዋ በላይ ትሠራለች። ከሃምሳ ያለፈው ለዚህ ነው።»

«ቀስቷስ?»

«ቀስቷ የምታውቀው ሁለት ኩላሊት ያለውን ሰው ነው። የእርስዎ መለኪያ የራስዎ የቀድሞ ውጤት ነው። ከአምና ዝቅ ማለቱን ግን ችላ አንለውም፤ ምክንያቱን እንፈልጋለን።» ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ከንፈርዎ ደርቋል። ውሃ አይጠጡም እንዴ?»

ፓምፕ ጠጋኙ ይህን ጥያቄ የጠበቀው ይመስል ደረቱን ነፋ። በሥራው የሚያማክሩት እንጂ የሚመክሩት ሰው አይደለም።

«እየቆጠብኩላት ነው። ሁለት ፓምፕ ከሚሠሩበት ጉድጓድ አንዱ ከተነሳ፣ የቀረው ጭነት ሲበዛበት ዕድሜው ያጥራል። እኔም ጭነት ቀነስኩላት። ጠዋት አንድ ስኒ፣ ማታ አንድ ስኒ፤ በቃ።»

«እኛ ቤት ሲመጡ እናቴ የምታቀርብልዎትን ውሃ የማይነኩት ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ለምን ሊሆን?»

«እናቴ ምን እንደምትል ያውቃሉ? ‹ኩላሊቱን በመስጠቱ ቆጭቶታል፣ ከእጄ ውሃ እንኳ መቅመስ አስጠላው› ትላለች። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ብርጭቆውን ይዛ ታለቅሳለች።»

እህቱን ላለማስጨነቅ ሲደብቅ የኖረው ሰውዬ፣ ሲያስለቅሳት ኖሯል። ከሁሉ በላይ ያዘነው በዚህ ነው።

«አጎቴ፣ ፓምፕ ውሃ በሌለበት ሲዞር ምን ይሆናል?»

«ይቃጠላል» አለ ሳያስብ። ከዚያ ወረቀቱን አየ፣ ልጅቱን አየ። «ስለዚህ ያቃጠልኳት እኔው ነኝ?»

«ተቃጥላለች አላልኩም። ደም ውሃ ሲያንሰው ክሬቲኒን ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ሲጠጡ ይመለሳል። ግን ይህን የሚያረጋግጡት ሐኪሙ ናቸው።»

«ታዲያ በርሜል ልጠጣ?»

«በርሜልስ ለማን ይበጃል? ሲጠማዎት አይከልክሉት፣ በቃ። ለወገብዎ ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡትንም ማስታገሻ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ኩላሊት የሚጎዳ ዓይነት አለ።»

«እሱንም ታውቂያለሽ?» አለና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ሐኪሙ ደም ግፊቱን ለካ፣ ማስታገሻውን አስቆመው፣ የኩላሊት ጉዳት ምልክት የሆነው ፕሮቲን ሽንቱ ውስጥ ይኖር እንደሆነ እንዲታይ አዘዘ፤ ደሙንም ከሳምንታት በኋላ አስደገመ። ሽንቱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ቁጥሩም ወደ ስልሳ ሦስት ተመለሰ። ቀስቷ አሁንም አለች፤ ፓምፕ ጠጋኙ ግን አይፈራትም። ሱቁንም አልዘጋም። በአንድ ኩላሊት የሚኖር ሰው ውጤቱን ከራሱ የቀደመ ውጤት ጋር እያስተያየ፣ ያልገባውን ከመገመት ይልቅ እየጠየቀ፣ ምርመራውን ሳያቋርጥ ቢኖር ችግር ቢመጣ እንኳ በጊዜ ይደርስበታል። ፓምፕ ጠጋኙ ግን ስሌቱ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባውም፤ በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። መጠየቁ ይበቃል።

ሐኪሙን ባየበት ሰሞን እህቱ ቤት ሄደ። «ወንድምዓለም፣ ግባ» አለችውና እንደ ልማዷ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፊቱ አስቀምጣ፣ ሳይነካው ሲቀር እንዳታይ ፊቷን አዞረች።

ብርጭቆው ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማችና ዞረች።

«ድገሚኝ» አላት።