የጮኸ ባለቤቱ ነው

ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ አሳንሰር እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ደረጃ የሚወጡ አንድ ሽማግሌና ደረጃ የምትወርድ አንዲት ወጣት ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ግንባር ለግንባር ተገጣጠሙ። ሽማግሌው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሰው ሁሉ «ጋሽ መዝገቡ» ይላቸዋል። እናታቸው ያወጣችላቸው ስም አይደለም። ሆስፒታሉ በክላውድ የተከራያቸው፣ ሩቅ ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚታዘዙ መቶ ሰማንያ ኮምፒውተሮች አሉት፤ የትኛው ምን እንደሚሠራ ደግሞ ከእሳቸው ጭንቅላት በቀር የተጻፈበት ቦታ የለም። ወጣቷ በዚያው ክፍል ከተቀጠረች አምስት ወሯ ነው። ሙያውን በስልኳ እያነበበች ራሷን በራሷ ያስተማረች፣ ምላሷ ከጣቷ የማይዘገይ ልጅ ናት። ያን ዕለት ግን ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ቤተሰብ ደህና አይደለም እንዴ?» አሉ።

«የኔስ ደህና ናቸው፣ ጋሼ። ደህና ያልሆነው ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ሚስቱ ትናንት ወልዳ ደም ፈሰሳት። የደም ባንኩ ፍሪጅ ቢከፈት ያለው ደም በሙሉ ሞቆ ተበላሽቷል። ከሌላ ሆስፒታል እስኪመጣ አለፈች።»

«ነፍስ ይማር። ልጁስ?»

«ልጁ አለ። ያለቅሳል።»

«ፍሪጁ እንዴት ሞቀ?»

«ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመለስ የፍሪጁ ብሬከር ወድቆ ቀረ። ሙቀቱ ሲጨምር ለተረኛው ስልክ የሚደውል ኮምፒውተር ነበረ። አልደወለም።» ዝቅ ብላ ደረጃውን አየች። «ሐሙስ ዕለት ካጠፏቸው አሥራ ሁለቱ አንዱ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ መዝገቡ የደረጃውን ብረት ያዙ።

እዚህ ላይ የሽማግሌውን ልማድ መናገር ግድ ነው። አስተዳደሩ «የማትሠሩባቸውን ኮምፒውተሮች ቀንሱ» ባለ ቁጥር፣ የማያስታውሱትን ሁሉ ያጠፉና እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። በአራት ቀን ውስጥ «ሥራዬ ቆመ!» ብሎ በሩን የሚደበድብ ከመጣ ይከፍቱለታል። ካልመጣ፣ በአራተኛው ቀን አስር ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ለዘለዓለም ይሰረዛል። «የጮኸ ባለቤቱ ነው» የምትል ሕግ አለቻቸው። ክላውድ ሳይመጣ የጀመሩት ነው፤ እስከዚያ ሐሙስ ድረስም አላሳፈራቸውም ነበር። ሰው ክፉ ልማድን የሚያምነው ክፉ ስላልሆነ ሳይሆን ገና ስላልተያዘበት ነው።

ቢሮአቸው ጠባብ ናት፤ መስኮቷ ወደ ልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ይከፈታል፤ እንፋሎቱ መስታወቱን አልብሶታል። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ መከራከር ጀመሩ።

«አጥፍቼዋለሁ፤ አልካድኩም። ግን ማንም አልጮኸም! የራጅ ክፍሉን ብነካ እኮ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሬን ይገነጥሉት ነበር።»

«ራጅ ቀኑን ሙሉ ሠሪ ነው። የዚህኛው ሥራ ደግሞ ዝም ማለት ነው። ሁሉ ደህና ሲሆን ዝም ይላል፤ ሲበላሽ ብቻ ይናገራል። ቤቱ ካልተዘረፈ ዘበኛው ለምን ይጮኻል፣ ጋሼ? እርስዎ ዝም ያለውን ዘበኛ የለም ብለው በሩን ዘጉበት።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል ነበር!»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኛ ባለቤቱን ለማወቅ አጥር የምንነቀንቅ ሰዎች ነን።»

«ምላስሽን ሰብስቢ! አንቺ ሳትወለጂ እኔ ይህን ሥራ—»

«እኔ ሳልወለድ ክላውድም አልተወለደም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ያን ዕለት ግን ጠረጴዛውን በጣታቸው ቆረቆሩ።

«እሺ፣ ባለቤቱስ የት ሄዶ ነው? ያን የሚያህል ነገር አሠርቶ፣ ሲጠፋበት አራት ቀን ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? እሱ ነው መጠየቅ ያለበት!»

ልጅቷ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ፊታቸው አኖረች። ጠዋት ከደም ባንኩ ፋይል ያገኘችው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡት የደም ባንኩ ኃላፊ ነርስ የፈረሙበት ደብዳቤ ነው። «እሑድ ዕለት ሳንጠይቅዎ ከቤትዎ መጥተው፣ ፍሪጃችንን የሚጠብቅ ኮምፒውተር ስላዘጋጁልንና ኃላፊነቱን በራስዎ ላይ ስለወሰዱ እናመሰግናለን» ይላል። የተጻፈው ለኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው።

ሽማግሌው ደጋግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

«መጮህ የነበረብዎ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ እንደ ቅድሙ አይቆርጥም።

ውጭ ማጠቢያው ሲያጓራ ይሰማል።

«አላስታውሰውም» አሉ በመጨረሻ። «እሑዱንም ሴትየዋንም አላስታውሳቸውም። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ነገር ከእጄ ይሾልካል። ለሰው እንዳልናገር፣ መዝገቡ ረሳ ሊባል ነው።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ እንጻፈው ስልዎ እምቢ አሉኝ?»

«ያለኝ እሱ ብቻ ነዋ! ከጭንቅላቴ አውጥተሽ ወረቀት ላይ ካዋልሽው፣ እኔን ማን ይፈልገኛል?»

«ካልወጣ ደግሞ አብሮዎት ይቀበራል። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ከሐሙስ ጀምሮ የጠፉ ሌሎች አሥራ አንድ አሉ፤ አስር ሰዓት ላይ ይሰረዛሉ። ከነሱ ውስጥ ሌላ ዘበኛ ካለስ?»

እንግዲህ ልጅቷ የምትለው ምን ነበር? እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ታግ የሚባል ትንሽ መለያ ይለጠፍ ነው። መድኃኒት ቤት ያለ ብልቃጥ ሁሉ ላዩ ላይ ተጽፎበት የለ? ያልተጻፈበትን ብልቃጥ አጋጭቶ ድምፁን በመስማት መርዝና ሽሮፕ የሚለይ መድኃኒተኛ ቢኖር ማን ልጁን ይልክለታል?

ሽማግሌው ግን ቶሎ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም።

«መለያ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይጽፋል፤ በሁለተኛው ይሰለቻል። አንዱ ማዋለጃ ይላል፣ ሌላው ወሊድ ይላል፤ ሰነፉ ‹ሌላ› ብሎ ይሄዳል። ያኔ መለያሽ ራሱ ይዋሻል። የሚዋሽ መለያ ደግሞ ካለመኖሩ ይብሳል።»

«እውነትዎን ነው» አለች። ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም። «ስለዚህ በዘፈቀደ አይጻፍም። ቃላቱን አንድ ጊዜ እንወስናለን፤ ከዚያ ሰው ይመርጣል እንጂ አይፈጥርም። መለያ ያልያዘ አዲስ ኮምፒውተር ሲጠየቅ ክላውዱ ራሱ አልከፍትም እንዲል ይደረጋል። ባለቤት በሚለው ላይም የሰው ስም አንጽፍም፤ ሰው ጡረታ ይወጣል፣ ሰው ይረሳል። የሥራ መደቡን እንጽፋለን። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይጠየቅበታል።»

«አራተኛም ጨምሪ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ክፍሉ፣ ሥራው፣ ተጠያቂው ካልሽ በኋላ፣ ‹ቢጠፋ ማን ይጎዳል› የሚል ጨምሪ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወንበሯን ሳበች። መጀመሪያ የደም ባንኩን ኮምፒውተር መልሳ አበራች።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከትዝታቸው ይቆፍራሉ፤ እሷ የማሽኑን ውስጥ ከፍታ እያየች ታረጋግጣለች፤ ሲጠራጠሩ ስልክ ይደውላሉ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ያረጁ የሙከራ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሦስቱ ዕቃ ግምጃ ቤት መጠቀም የተዋቸው ነበሩ። ስምንተኛው ላይ ልጅቷ ድንገት እጇን አፏ ላይ ጫነች። በወር አንድ ቀን ብቻ የሚነሣ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሕመምተኞችን ዝርዝር ለጤና ባለሙያዎች የሚልክ ነበር። የሚነሣው ከነገ ወዲያ ነው። ወዲያው አበራችው።

አስር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል አንድ ብቻ ቀረ። ጋሽ መዝገቡ አዩት፤ ግንባራቸውን አሹ፤ ሐኪም ቤቱን ሁሉ በልባቸው ዞሩት።

«አላውቅም» አሉ። በዚያ ቢሮ ከአፋቸው ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ልጅቷም «ባለቤቱ ያልታወቀ፤ እስኪጣራ እንዳይነካ» የሚል መለያ ሰጥታ አበራችው።

የቀሩትን የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች መለያ ማክሰኞና ረቡዕ ሰጥተው ጨረሱ። ረቡዕ ከሰዓት የሟቿ ባል ሕፃኑን ታቅፎ ለወረቀት ጉዳይ መጣ። አስተዳደሩ «የመብራት ችግር ነው» ብሎ ሊሸኘው ነበር። ጋሽ መዝገቡ ግን ማንም ሳይጠራቸው ወርደው፣ ኮሪደሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጡና «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብለው ከመነሻው ነገሩት።

«አሁንስ ሌላ ሰው ላይ አይደርስም?» አለ ሰውየው።

«በዚህ መንገድ አይደርስም፣ ልጄ። ዛሬ ‹ደም ባንክ› ብለን ብንጠራ የደም ባንኩ ኮምፒውተሮች በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ይወጣሉ፤ ‹ማዋለጃ› ብንል የማዋለጃው። ‹ቢጠፋ ሰው ይጎዳል› የተባለውን አንድ ሰው ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም፤ ሁለት ሰው መፈረም አለበት። ቀንሱ ከተባልን ‹ሙከራ› የሚለውን ጠርተን እሱን እንቀንሳለን። ነገ እኔ ብሞት የሚተካኝ ሰው ሁሉንም ተጽፎ ያገኘዋል።»

ሰውየው የሕፃኑን ጨርቅ አስተካከለ።

«ይህን ሁሉ ለመሥራት ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ?»

ሽማግሌው መዋሸት ይችሉ ነበር።

«ሦስት ቀን» አሉ።

ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ፤ አባትየውም እንዴት እንደሚያባብለው ገና አያውቅም ነበር።