ሰባተኛው እልልታ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ሕፃኑ ሳይወለድ ለክርስትና ልብሱ ጥጥ የሚነካ አልነበረም። እልልታው ይቆጠራል፣ ሦስት ከሆነ ሴት፣ ሰባት ከሆነ ወንድ፣ ከዚያ ነው እንዝርት የሚነሣ። እኔ ግን ዘመናዊ ሆንኩና! ጎረቤታችን እናና አርግዛ፣ አልትራሳውንድ ታይታ መጣችና "ሴት ናት፣ ክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ የሺ" አለችኝ። ለእኔ ደግሞ እግዜር ልጅ አልሰጠኝም፣ ታውቃላችሁ። እና በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ታዲያ ጠዋት ማታ ስፈትል፣ ባለቤቴ ጋሽ ታምሩ ከወጡ ላይ የጥጥ ብናኝ እየለቀመ "ዛሬም ጥጥ ወጥ ነው?" ይለኛል። ማን ሰምቶት! ሸማኔው ሠርቶ ሰጠኝ፤ ነጭ፣ ለስላሳ።

አንድ ቀን "እናና ጤና ጣቢያ ወለደች" ተባለና ከግቢያቸው እልልታ ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... በቃ፣ አልኩ። አራት! ምን ሆነዋል እነዚህ ሴቶች? አምስት፣ ስድስት... ሰባት። ልብሱን እንዳቀፍኩ ቁጭ አልኩ።

ወንድን ክርስትና የሚያነሣ ወንድ ነዋ! እና አባትየው መጥቶ ማንን ቢለምን ጥሩ ነው? ጋሽ ታምሩን! ያን ጥጥ ለቃሚ! ቀናሁ፣ አልዋሻችሁም፤ አለቀስኩም። "ልብሱን ስጪኝ እንጂ" ሲለኝ "ይኼ የሴት ልጄ ነው፣ ያንተን ከሱቅ ግዛ!" አልኩት። እሱም ከዚህ ከብቸና ሞጣ ድረስ ሄዶ የሚያብለጨልጭ ሳቲን ይዞ መጣ።

አርባው ቀን ደረሰና ሕፃኑ ተጠመቀ፣ ጋሽ ታምሩ ተቀብሎ በሳቲኑ ጠቀለለው። ታዲያ ሳቲን ውኃ ይጠጣል እንዴ? ያንሸራትታል እንጂ! ልጁ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል፣ ከእጁ ሊያመልጠው ነው፣ ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ "የሺ! ኧረ የሺ!" ይላል።

እኔስ? ነጠላዬን ገለጥ አደረግኩ፤ ልብሱ ከሥሩ ነበር። ምነው ትሥቃላችሁ? አኩርፌ እንጂ ትቼው አልመጣሁም! ጠቅለል ሳደርገው ጉንጩን ጥጡ ላይ አሻሸና ዝም አለ። ያኔ ኩርፊያዬ የት እንደገባ እንጃ።

መምሬ "ክርስትና አባቱ የታለ?" ቢሉ፣ ጋሽ ታምሩ "እኔ ነኝ፣ እናቱም እቺው ናት" አላቸዋ! "ለወንድ እናት አይቆምም" ብለው ተቆጡ። ይቆጡ! ይኸው ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሲርበው "እማ የሺ" እያለ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣ።

"ሳቲኑስ፣ እትዬ?"

እሱንማ ጋሽ ታምሩ ለሬዲዮኑ አለበሰው። ሬዲዮን አይበርደው!