ጓንግን በቁመታቸው የለኩት አቶ ይታያል ባንታምላክ

አቶ ይታያል ባንታምላክ ማንኛውም ጽሑፍ ቀኑንና ቦታውን አስቀድሞ አስተያየቱን ኋላ ቢያደርግ ይወዱ ስለነበር፣ የሕይወታቸው ታሪክም በዚሁ ደንብ ተጽፎ በፊታችሁ ይነበባል።

አቶ ይታያል ከአባታቸው ከአቶ ባንታምላክ ደሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናኑ ተገኘ ነሐሴ 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በጭልጋ ተወለዱ። አባታቸው አህያ እየነዱ ማርና ቅቤ ወደ መተማ የሚያወርዱ፣ ጨርቅና ስኳር ይዘው የሚመለሱ ነጋዴ ስለነበሩ፣ ልጃቸው ገና በስምንት ዓመታቸው የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላና በየትኛው እንደሚጎድል ከቤት ወሬ ያውቁ ነበር። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ አይከል ላይ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በሥዕል ደካማ እንደነበሩ ራሳቸው ይናገሩ ነበር፤ የሥዕሉን ነገር ካርታዎቻቸውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዛፎቻቸው በሙሉ ጃንጥላ ይመስላሉ።

በ1964 ዓ.ም. ወደ መተማ ቆላ ወርደው፣ ለሰፋፊ እርሻ መሬት በሚከፋፍሉ ቀያሾች ዘንድ ዘንግ ያዥ ሆነው ተቀጠሩ። የዘንግ ያዥ ሥራ ቀያሹ በመነጽሩ አይቶ እስኪጽፍ ድረስ በፀሐይ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። አቶ ይታያል ግን ቆመው ብቻ አልቀሩም፤ ከቀያሹ ስንት እርምጃ እንደራቁ እየቆጠሩ ማታ ከተለካው ጋር ያስተያዩ ነበርና፣ በሦስተኛው ዓመት እርምጃቸው በመቶ ሜትር ከሁለት ሜትር የበለጠ እንደማይስት አረጋገጡ። በ1971 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆላውን ሲያምሰው በገላባት በኩል ድንበር ተሻግረው ሱዳን ውስጥ ዶካ ገቡ። ለሦስት ዓመት ሰሊጥና ማሽላ አጨዱ። በ1974 ዓ.ም. የወንዞቹን አካሄድ ያጠኑ የነበሩ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ መንገድ የሚያሳይ ሰው ሲፈልጉ አቶ ይታያልን አገኙ፤ አብረዋቸውም አራት በጋ ከጓንግ እስከ ዲንደር ዱር ድረስ በእግር ተጓዙ። ባለሙያው ሲሰናበቱ ኮምፓስ ሰጧቸው። ይኸው ኮምፓስ ዛሬም ይሠራል።

በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ምክንያት ወገኖቻችን ድንበሩን በብዛት ሲሻገሩ፣ የእርዳታ መኪኖች ውሃ ያለበትን ቦታ አጥተው ተቸግረው ነበር። አቶ ይታያል የመጀመሪያውን ካርታቸውን የሠሩት በዚያ ጊዜ፣ የዱቄት ከረጢት ቀድደው በጀርባው ላይ ነው። አሥራ አራት የውሃ ጉድጓድና ኩሬ ነበረው፤ አሥራ ሦስቱ በተባሉበት ቦታ ተገኙ። አሥራ አራተኛው፣ ከሰው ሰምተው የጻፉት፣ ደርቆ ነበር። ከዚህ በኋላ ሰው ነገረኝ ብለው የጻፉት ነገር የለም። አንድ መልካ፣ ማለትም የወንዝ መሻገሪያ፣ በካርታቸው ከመግባቱ በፊት እረኛ፣ ዓሣ አጥማጅና ውሃ የምትቀዳ ሴት በየግላቸው ይጠየቁ፣ ከዚያም እርሳቸው ራሳቸው ይሻገሩት ነበር።

በ1978 ዓ.ም. በዶካ ለሹፌሮች ምግብ ቤት ከከፈቱት ከወይዘሮ ሐመልማል አድማሱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እየሩስንና ዳሊያን ወለዱ። ጋብቻው በሁለቱም በኩል ጠቃሚ እንደነበር ባለቤታቸው ይናገራሉ፤ ሹፌር ሲበላ ስለ መንገድ ያወራል፣ አቶ ይታያልም በሚቀጥለው ሳምንት ሄደው ያዩታል። ወይዘሮ ሐመልማል፣ «ሌላው ባል ጠጥቶ ይጠፋል፤ የኔው ውሃ ሊለካ ይጠፋል» ይሉ ነበር።

«የአራቱ ወንዞች መንገድ መሪ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1989 ዓ.ም. በማባዣ ማሽን ተባዝቶ በስድሳ ቅጂ ወጣ። አራቱ ወንዞች ጓንግ፣ ተከዜ፣ ሽንፋና አይማ ናቸው፤ ድንበሩን ሲያልፉ አትባራ፣ ሰቲት፣ ራሃድና ዲንደር ይባላሉና ሁለቱም ስም ተጽፏል። በመጽሐፉ ውስጥ መሻገሪያዎች፣ ኩሬዎች፣ ጥላ ያላቸው ዛፎች፣ አዞ የሚተኛባቸው ኩሬዎችና የዱሩ ጠባቂዎች ወረቀት የሚጠይቁባቸው ቦታዎች በካርታ ተመልክተዋል። የወንዝ ጥልቀት በሜትር አልተጻፈም። አንባቢው የወቅት ሠራተኛ፣ ማር ቆራጭ፣ ሙጫ ለቃሚ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ በየመልካው አጠገብ አንድ ሰው ሥለው ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ መስመር ያሰምሩበት ነበር፦ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ብብት። የተሣሉት ሰው ራሳቸው ናቸው። የወድ ኤል ሒለው ዓሣ አጥማጅ የሆኑት ወዳጃቸው አቶ አደም በጣም ረጅም ስለሆኑ፣ አቶ ይታያል በእርሳቸው ቁመት የተለካ ነገር አይቀበሉም ነበር። አቶ አደምም፣ «ይታያል አጭር ባይሆን ኖሮ ግማሹ አገር ሰምጦ ነበር» ይላሉ።

መጽሐፉ አራት ጊዜ እየታረመ ወጣ። ወፍ ለማየት ወደ ዲንደር የሚወርዱ እንግዶችም ይዘውት ይጓዙ ጀመር። አቶ ይታያል ግን በዚህ የተለየ ደስታ አላሳዩም። መጽሐፉን የጻፉት ሰሊጥ ሲደርስ ቀን ስለማይሰጥ፣ ፍሬው ሳይረግፍ ለመድረስ የሚሮጥ ሠራተኛ ወንዝ ላይ እንዳይቀር ነበር።

በ2011 ዓ.ም. አምስተኛው እትም በአማርኛና በዓረብኛ በአራት መቶ ቅጂ ታተመ። ዓረብኛ የተጨመረበት ምክንያት እዚሁ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን አማርኛ ቢናገሩም ማንበብ የማይችሉ ብዙ ስለሆኑ ነው። ዓረብኛውን የጻፉት መምህርቷ ኡስታዛ ኢንቲሳር ሲሆኑ፣ አቶ ይታያል እያነበቡላቸው እርሳቸው ይጽፉ ነበር። ሃያ ሦስት መልካዎች ነበሩ። በሃያ ሁለቱ የአበሻውን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን አስቀድመው በወረቀት ላይ ለውጠው ነበር። ሃያ ሦስተኛው፣ ከባሱንዳ በስተምሥራቅ በጓንግ ላይ ያለው የሦስት ግራር መልካ፣ ገና በዚያው ሳምንት ለክተው የመጡት ስለነበር ቀኑ በወረቀት ሳይለወጥ ከአፋቸው ተነገረ። በጻፉት አማርኛ ውሃው ጎድሎ መልካው የሚከፈተው ጥቅምት አምስት ነው፤ ይህም በፈረንጅ ኦክቶበር አሥራ አምስት ግድም ይውላል። በገዳሪፍ የሚኖር አበሻ ጥቅምትን ኦክቶበር ብሎ መጥራት የለመደው ስለሆነ፣ አቶ ይታያልም በዓረብኛ ሲናገሩ «ኦክቶበር አምስት» አሉ። ኡስታዛ ኢንቲሳር፣ «በእናንተ አቆጣጠር ነው በእኛ?» ብለው ጠየቋቸው። አቶ ይታያል፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የተለወጠ መስሏቸው፣ «በእናንተ» ብለው መለሱ። በገጽ ሠላሳ አራት እንዲሁ ታተመ።

መስከረም 25 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦክቶበር ስድስት፣ በዚያ መልካ ማዶ ወዳለ የሰሊጥ እርሻ የሚሄዱ ዘጠኝ ሠራተኞች ወንዙ ዳር ደረሱ። መሪያቸው የሃያ ሦስት ዓመቱ አንዳርጋቸው መጽሐፉን በዓረብኛ አንብቦ መልካው ከተከፈተ አንድ ቀን እንዳለፈው ነገራቸው። ዘጠኝ ሆነው ገብተው ሰባት ወጡ። አንዳርጋቸውና ጓደኛው ቴዎ በሦስተኛው ቀን ከመልካው በታች ተገኙ።

ያን ዓመት ዝናቡ የበረታ ስለነበር ሰው ሁሉ ዝናቡን ከሰሰ። መጽሐፉን የከሰሰ አልነበረም። አቶ ይታያል ግን በሕይወት ከወጡት አንዱ ያተረፈውን ቅጂ አስመጥተው አማርኛውን ከዓረብኛው አስተያዩት፤ ስሕተቱን ለማግኘትም ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ አንዳርጋቸው እናት ወደ ወይዘሮ ወርቅውሃ ቤት ሄዱ፤ ለቅሶ በተቀመጠው ሰው ፊት ቆመው፣ ልጃቸውን ያሳሳተው ዝናቡ ሳይሆን ገጽ ሠላሳ አራት መሆኑንና የተናገሩትም ራሳቸው መሆናቸውን ገለጹ። ኡስታዛ ኢንቲሳር ጥፋቱን ሊካፈሉ ቢነሱ፣ «እርስዎ ጠይቀዋል፤ የመለስኩት እኔ ነኝ» ብለው አስቀመጧቸው። ወይዘሮ ወርቅውሃ አልጮኹም። «አያ ይታያል፣ ልጄን መመለስ አትችልም፤ መጽሐፍህን ግን ሰብስበው» አሏቸው።

አቶ ይታያል ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን መሰብሰብ ጀመሩ። በዶካ፣ በገላባት፣ በባሱንዳ፣ በየእርሻው ሰፈር እየዞሩ ገጹን ቀደው የታረመውን ይለጥፉ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአራት መቶው ሦስት መቶ ሃያ ስድስቱን አገኙ። የስደተኞች ሰፈሯ ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፍታ ከትግራይ የመጡ ስደተኞች ሲሰፍሩባት፣ አንድ ባለሱቅ ገጽ ሠላሳ አራትን በስልኩ አሳያቸው። መጽሐፉን አይቶት እንኳ አያውቅም፤ ሰው ፎቶ አንስቶ ልኮለት ነው። ወረቀት ይሰበሰባል፤ ይህ ግን በስንት ስልክ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

ስለዚህ አቶ ይታያል ሌላ ሥራ ያዙ። በየዓመቱ ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ከአቶ አደም ጋር በሦስት ግራር መልካ የማሽላ አገዳ ዳስ ሠርተው ይቀመጡ፣ የመጣውንም ይመልሱ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ፣ በካርቱም ጦርነት የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ አገር ለመመለስ መንገድ በሚፈልጉበት ጊዜ፣ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸው አርባ የሚሆኑ ሰዎች መልካው ላይ ደረሱ። ከፊት የነበረው ወጣት ስልኩን አውጥቶ፣ «ዐሚ፣ መጽሐፉ ተከፍቷል ይላል» አላቸው፤ ዐሚ በዓረብኛ አጎቴ ማለት ነው።

«መጽሐፉ የኔ ነው፤ ተሳስቷል» አሉት።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ያሳሳትኩት።»

ወጣቱ ፊቱን ወደ አቶ አደም አዞረ። አቶ አደም፣ «ወላሂ እውነቱን ነው። በዕድሜው አንዴ ነው የተሳሳተ፣ እሱንም አሳተመው» አሉት። ሰዎቹ ሳቁ፤ ወጣቱ ግን አልሳቀም፤ ድንጋይ ወርውሮ ውሃው እንዴት እንደዋጠው አየ። ስምንት ቀን በዳሱ ዙሪያ ሰፍረው ከቆዩ በኋላ ውሃው ከወገብ ሲወርድ ተሻገሩ። አርባውም።

ባለፉት ስድስት ዓመታት በዚያ መልካ የሞተ ሰው የለም። ይህ ቤተሰቡ የባሱንዳን ሽማግሌዎች ጠይቆ ያረጋገጠው ነው። አቶ ይታያል ሲመሰገኑ፣ የሞቱት ሁለት መሆናቸውንና ቁጥሩ እንዳልቀነሰ ይመልሱ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት በጉበት ሕመም ታመው በገዳሪፍ ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪም እንዳይንቀሳቀሱ ቢያዛቸውም፣ በዚህ ዓመት መስቀል ማግሥት ልጃቸው እየሩስ በትራክተር ወደ መልካው ወሰዷቸው። ወይዘሮ ሐመልማል ተቃውመው ነበር፤ ከዚያ ግን ምግብ አስይዘው ሸኟቸው። ጥቅምት ስድስት ቀን አቶ አደም ገብተው ውሃው ከጭናቸው በታች መሆኑን ሲያሳዩ፣ አቶ ይታያል፣ «ያንተ ጭን የሰው ወገብ ነው፤ ነገ ይሁን» ብለው አንድ ቀን አቆዩ። በማግሥቱ ሠራተኞቹ ተሻገሩ፤ እርሳቸውም ወደ ቤት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሱም። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

አቶ ይታያል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሐመልማልን፣ ልጆቻቸውን እየሩስንና ዳሊያን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም የአርባ ዓመት ወዳጃቸውን አቶ አደምን ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ ወርቅውሃ በዚህ ሕዝብ መካከል ተገኝተዋል፤ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

ከቀሩት ሰባ አራት ቅጂዎች መካከል በቤቱ ያለ ሰው ቢኖር በለቅሶው ቀናት ውስጥ እንዲያመጣ ቤተሰቡ ይለምናል። ገጽ ሠላሳ አራት በስልኩ ያለ ደግሞ ነገ አይበል። ካህናቱ ፍትሐቱን ከመጀመራቸው በፊት ጥቂት ደቂቃ ፈቅደውልናልና፣ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጥታችሁ ፈልጉና አጥፉት። በአቶ ይታያል ላይ ከሚጣለው አፈር ይህ እንደሚቀድም እርሳቸው ራሳቸው ተናግረዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ፤ የአንዳርጋቸውንና የቴዎንም ነፍስ ከእርሳቸው ጋር ያስብ። አሜን።